ከጾም ውጭ የሚበላ የጾም ምግብ፦ በጅማ የምንገለገልበት ባልትና ቤት

በጅማ፣ ከሐሙስ ገበያው ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለት ወፍጮ የተተከለበትና ከፊት ለፊቱ ጥራጥሬና ቅመማቅመም በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጥበት ባልትና ቤት አለ። ቤተሰባችን ሥጋን ከዘወትር ማዕዱ አውጥቶ ለበዓልና ለእንግዳ ብቻ ካደረገው ወዲህ የወር አስቤዛችን ትልቁ ክፍል የሚሸመተው ከዚህ ቤት ስለሆነ፣ ስለ ዕቃው ጥራትም ሆነ ስለ አገልግሎቱ ጉድለት ለመናገር በቂ ትውውቅ አለኝ ብዬ አምናለሁ። የቤቱን ስም የማልጽፈው ባለቤቲቱ ስማቸው እንዲወጣ ስላልወደዱ ነው፤ በአካባቢው ግን ሁለት ወፍጮ ያለው ባልትና ቤት የቱ ነው ብሎ ለጠየቀ የማያሳይ የለም። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ምጥን ሽሮው በከተማው ከቀመስኩት ሁሉ ይበልጣል፤ በርበሬው የሚታመን ነው፤ ቅመሙ የአካባቢውን ስም የሚያስጠራ ነው፤ ምስሩ አንዳንዴ ያሳዝናል፤ አስተሻሸጉ ደግሞ ለጅማ አየር ጨርሶ አይሆንም።

የአመጋገብ ለውጡ በአንድ ምክንያት የመጣ አይደለም። ባለቤቴ የደም ቅባቱ ከፍ ብሎ በመገኘቱ ሐኪሙ ጮማና ቅቤ እንዲቀንስ መከረው፤ የሥጋ ዋጋ በየበዓሉ እየወጣ ከወጣበት ሳይወርድ ቀረ፤ ትልቋ ልጃችን ደግሞ ሥጋ በቃኝ ብላ ቁርጡን ነገረችን። በየቀኑ ሁለት ዓይነት ድስት መጣድ ስለማይቻል ቀስ በቀስ የሁላችንም ገበታ ወደ እርሷ አዘነበለ። ይሁን እንጂ ጨርሰን አልተውንም። ለፋሲካ ዶሮ ይሠራል፤ ለመስቀል ቅርጫ እንገባለን፤ ዓይብ ከጎመን ጋር፣ እንቁላልና ወተትም ለልጆቹ አይጠፋም። እነዚህን ያቆየነው ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ንጥረ ነገር በተፈጥሮው ከእንስሳት ምግብ እንጂ ከእህልና ከአትክልት የማይገኝ መሆኑን ሐኪሙ ስላስረዳን ነው፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ሁሉ የሚርቅ ሰው በእንክብል ወይም ቫይታሚኑ በተጨመረበት ምግብ ሊያገኘው ይገባል።

የጾም ምግብ ያለው ሕዝብ ሥጋ ለመተው አይቸገርም ሲባል እሰማለሁ። በከፊል እውነት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕንና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚዘልቀውን ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም ሳያጓድል ከጾመ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተለይቶ ያሳልፋል፤ እናቶቻችን ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከሱፍና ከተልባ ያወጡት የወጥና የፍትፍት ዓይነትም ተቆጥሮ አያልቅም። ሳይነገር የሚቀረው ሌላ ነው። በጾም ቀን ወጡ ቢቀጥን የሚያማርር የለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለቆየ ሰው ረሃቡ ራሱ ቅመም ይሆነዋል፤ ደግሞም ጾም ነውና ምግቡ እንዲጣፍጥ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ያው ወጥ በፍስክ ማክሰኞ ማታ፣ የጎረቤት ጥብስ በአጥር በኩል እየሸተተ ሲቀርብ ግን በጣዕሙ ብቻ ይመዘናል። አማቴ በመጀመሪያው ሰሞን ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር መሶቡን ከፈት አድርገው ያዩና፣ «ምነው ልጆቼ፣ እዚህ ቤት ጾም አይፈታም እንዴ?» ይሉን ነበር። እንግዲህ የጾም ምግብ ከጾም ውጭ ሲበላ በጾም ቀን ከሚቀርበው የተሻለ መሆን አለበት፤ የተሻለ ጥሬ ዕቃ ከመግዛት በቀር ደግሞ የሚያሻሽለው መንገድ አላገኘሁም።

በዚህ መለኪያ የባልትና ቤቱ ምጥን ሽሮ ያለ ጥርጥር ያልፋል። መሠረቱ አተርና ሽምብራ ነው፤ ባቄላ የሚገባበት ለማወፈር ያህል ብቻ ነው። አተሩና ባቄላው ከዴዶና ከመሰሉት የዞኑ ደጋማ ወረዳዎች ይመጣል፤ ሽምብራው የጅማ ዝናብ ስለማይስማማው ከሸዋ በኩል ተጭኖ ይደርሳል። እህሉ ተለቅሞ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይነፋል፤ ከዚያ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላ፣ በኮረሪማ፣ በነጭና በጥቁር አዝሙድ፣ በጤና አዳምና በበርበሬ ይመጠናል። በብዙ ቦታ ሽሮ የሚበላሸው አመሳሱ ላይ ነው፤ ለገበያ ሲቸኩሉ እሳቱን ያበረቱታል፣ ውጭው ሲያር ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ የተፈጨውም ምርር የሚልና ጥሬ ጥሬ የሚሸት ይሆናል። እዚህ ባለቤቲቱ ራሳቸው ምጣዱ አጠገብ ይቆማሉ። አንዲት ሽምብራ አንሥተው በጥርሳቸው ይሰብሯትና መሐሏን ያያሉ፤ ከዳር እስከ መሐል አንድ ዓይነት ቀለም ካልያዘች እህሉ ከምጣድ አይወርድም።

ልዩነቱ ቤት ሲደርስ ድስት ላይ ይታያል። ቀይ ሽንኩርቱ በዘይት በስሎ፣ ውሃው ፈልቶ ሽሮው ሲነሰነስ አይጓጉልም፤ እሳቱ ሲቀነስለት መንተክተክ ይጀምርና ቀለሙ ከቡናማነት ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ይሄዳል፤ ዘይቱ ነጥብ ነጥብ እየሠራ ወደ ላይ ሲወጣ ደርሷል ማለት ነው። በችኮላ ከእሳት የሚያወርድ ሰው ሽሮውን አይውቀስ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በቀስታ መንተክተክ ይፈልጋል። በሸክላ ድስት ወፈር ተደርጎ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ከላይ ተጥሎበት ተጋቢኖ ሲሆን ቅቤ ጎደለው የሚል ሰው በቤታችን ጠፍቷል። ቦዘና ሽሮ የለመደው ባለቤቴ ብቻ አንዳንዴ ሥጋዋን ይፈልጋታል፤ ለእርሱ በክረምት ከምናውቃት ሻጭ የተገዛ እንጉዳይ በስሱ ተከትፎ፣ በዘይት ተጠብሶ ይጨመርበታል፤ እስካሁን ሳህኑን መልሶ አያውቅም።

ሽሮ ሲገዛ የሚነሣው ሌላ ጥያቄ ጓያ ነው። ጓያ ርካሽ ስለሆነና አንዴ ከተፈጨ በዓይን ስለማይለይ ከሽሮ እህል ጋር የሚቀላቅሉት አሉ። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነርቭን ጎድቶ እግርን ያሽመደምዳል፤ በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ በብዙ ገበሬዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ሽሮ አልፎ አልፎ ለሚቀርብበት ቤት ይህ የሩቅ ስጋት ነው፤ በሳምንት ብዙ ጊዜ ለሚቀርብበት ቤት ግን ድስቱ ውስጥ የገባውን እህል ማወቅ ግድ ይላል። ባልትና ቤቱን እንድመርጥ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ጥሬው ሳይፈጭ ፊት ለፊት መቀመጡ ነው፤ ገዢ እፍኝ ዘግኖ፣ ክብ የሆነውን አተር ማዕዘን ካለውና ከተጨፈለቀው የጓያ ፍሬ ለይቶ፣ ካመነበት አስመዝኖ እዚያው ያስፈጫል። አንዲት ነጋዴ ርካሽ ሽሮ አዘጋጁልኝ ብላ ስትለምናቸው ባለቤቲቱ፣ «ጓያ ከፈለግሽ ሌላ ቦታ ሂጂ እናቴ፣ እኔ ደጅ አይራገፍም» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በርበሬ በጅማ ከሌላው አገር የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ከተማ ከማረቆ ደርቆ የመጣ ዛላ እንኳ መጋዘን ውስጥ ጥቂት ከሰነበተ እርጥበት ይስብና ይልማል፤ የላመ ዛላ ደግሞ ውስጡ ሻጋታ ይይዛል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን ወጥ በማብሰል አይጠፋም፤ ስለዚህ ይፈላል ብሎ መጽናናት ከንቱ ነው። በዚህ ቤት ዛላው ከመቀንጠሱ በፊት ፀሐይ በወጣ ቁጥር ሰሌን ላይ እንደገና ይሰጣል፤ በእጅ ሲጨበጥ ተንኮሻኩሾ ካልተሰበረ ወደ ወፍጮው አይሄድም። በዚህ የተነሣ በሐምሌና በነሐሴ በርበሬ የለም ተብሎ መመለስ አለ፤ ገዢ ሲበሳጭ አይቻለሁ፤ እኔ ግን የለም ማለታቸውን ከበርበሬው ጋር አብሬ አመሰግንላቸዋለሁ። ቀለሙ ዓይን የሚወጋ ደማቅ ቀይ አይደለም፤ ብዙ ቅመም የገባበት በርበሬ ጠቆር ማለቱ የተለመደ ነው፤ ገበያ ላይ እንደ ቀለም የሚያበራውን ነው መጠርጠር።

ስለ ምስሩ የማደንቀው የለኝም። የምስር ክኩ አንድ ሰሞን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ፍርክስ ይላል፤ ሌላ ሰሞን ሰዓት ሙሉ ቢንተከተክ ፍሬው እንደ ተለያየ ይቀርና ወጡ ውሃና ምስር ሆኖ ይቀርባል። ይህ የአብሳይዋ ጥፋት አይደለም። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ የተከማቸ ጥራጥሬ ቆዳውም ውስጡም ይደድርና እሳት አይገባውም፤ ጨው ቢቀንሱለት፣ ውሃ ቢጨምሩለት ያው ነው። ባልትና ቤቱ አዲስ የገባውን ከከረመው ለይቶ አያስቀምጥም፤ ሁለቱ በአንድ ጆንያ ሲገናኙ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ይሆናል፤ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ጥሬ ይሆናልና። ይህን ለባለቤቲቱ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ «ነጋዴው ያመጣልኝን ነው የምሸጥልሽ» አሉኝ። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሽምብራ የሚያሳዩት ጥንቃቄ ለምስር ለምን እንዳነሰ ግን አልተረዳሁም። አሁን ምስር ስገዛ ሩብ ኪሎ ወስጄ አበስልና ከፈረሰልኝ በማግስቱ ተመልሼ ከዚያው ጆንያ የወሩን እወስዳለሁ። ድፍኑ ምስር ግን ይህ ችግር ብዙም አይታይበትም፤ በስናፍጭ ለሚሠራው አዚፋም የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ወፍጮዎቹ የተለያዩ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። አንደኛው ለጤፍና ለሌላ እህል፣ ሁለተኛው ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለቅመም ነው፤ ስለዚህ አንድ ወፍጮ ብቻ ካላቸው ቤቶች እንደሚያጋጥመው የጤፍ ዱቄቱ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ አይልም። የሁለተኛው ወፍጮ ጣጣ ተራው ላይ ነው። ከፊታችሁ አብሽ ያስፈጨ ሰው ካለ የእናንተ ሽሮ ሽታውን ይዞ ይወጣል፤ የአብሽ ሽታ ደግሞ እስከ ድስቱ ይከተላል። መፍትሔው ከራስ እህል አንድ እፍኝ አስቀድሞ አስፈጭቶ ያንን መጣል ነው፤ ፈጪው ልጃቸው ሲጠየቅ ያለ ማንገራገር ያደርገዋል፣ ካልተጠየቀ ግን አያደርገውም። ሽሮ ሁለት ጊዜ እንዲፈጭም መናገር ያስፈልጋል፤ በአንድ ዙር የወጣው ለምላስ ይሻክራል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ እህሉን ጥሎ መሄድ ይቻላል፣ ጆንያው ላይ በከሰል ስም ይጻፍበታል፣ እስከ ዛሬም የተቀያየረ ነገር አላየሁም። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሶላት ይዘጋሉ፤ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት አይሄድም።

ቅመሙ የዚህ ቤት ጌጥ ነው። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራቡ አገር ተወላጅ ነው፤ ጥምዝም ከዚሁ ከጫካው በኩል ይመጣል፤ እርዱ ከቴፒ አካባቢ ይወርዳል። ሌላው ከተማ ተፈጭቶና ተነፍሶበት የሚደርሰውን እኛ እዚህ ድፍኑን እናገኘዋለን። የኮረሪማው ራስ እዚያው ሲሰበር ፍሬው ጥቁርና ወዘናው ያልደረቀ መሆኑ በዓይን ይታያል። ቅቤ ከድስት ከወጣ በኋላ የወጥ መዓዛ የሚያንሰው፣ ቅቤው ሲነጠር ይዞት የሚገባው ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ አብሮት ስለሚወጣ ነው። እኛ እነዚያኑ ቅመሞች በዘይት እንዲነጠሩ አደረግን፤ ለስላሳ እሳት ላይ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተነጥሮ የተጠለለ ዘይት ለክክ አልጫና ለጥቅል ጎመን አንድ ማንኪያ ሲጨመር፣ አማቴ መሶቡን ከፍተው ማየት አቆሙ። ሱፍና ተልባም ከዚሁ እንገዛለን። ተልባው ድፍኑን እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ቅባቱ በጣም ስስ ስለሆነ ተፈጭቶ የከረመ ተልባ ይበላሽና ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ባልትና ቤቱ የሚሸጠው የተፈጨ ተልባ ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም።

የደንበኛው ዓይነት ስለ ቤቱ ብዙ ይናገራል። ባለቤቲቱ ሙስሊም ናቸው፤ የኦርቶዶክስን አጽዋማት ግን ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃሉ፤ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ሱፍ፣ ገና ከመድረሱ በፊት ደግሞ ሽምብራ እንዳያልቅባቸው ይዘጋጃሉ። ለረመዳን ለሳምቡሳ የሚሆን ምስርና ለሾርባ የሚሆን አጃ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ሲገቡ በዚያ ሳምንት ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር፤ ሁሉም የሚፈልገው ጥራጥሬ ነበርና። እንደ ጅማ ባለ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት ከተማ፣ ሥጋ የሚለያይ ምግብ ነው፤ አራጁ ማን ነው የሚል ጥያቄ ይከተለዋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጋብዝ ለየብቻ ያሳርዳል። የእኛ ገበታ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከሆነ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ሳይጠሩ ገብተው፣ ሳይጠይቁ ቆርሰው ይበላሉ። ለውጡን ስንጀምር ይህን ጥቅም ማንም አላሰበውም ነበር፤ እኔ ከደም ቅባቱ ውጤት እኩል እቆጥረዋለሁ።

ልጆቹ ሁሉን ተቀብለዋል ብል ውሸት ይሆናል። ትንሹ ጎመን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ የምስር ሳምቡሳና የሽምብራ አሳ ሲሆን ግን ከታላላቆቹ ድርሻ ይሻማል። የሽምብራ አሳው ዱቄት ከዚሁ ቤት የሚገዛ ሲሆን፣ ሽምብራው በጣም ሳይታመስ ስለሚፈጭ ሊጡ አይሰነጠቅም፤ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ፣ ቀይ ወጥ ውስጥ ሲገባ ቅርጹን ይይዛል። በሌላ በኩል ባልትና ቤቱ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚሸጠውን አኩሪ አተር የገባበት ሽሮ ሞክረን ትተነዋል። አኩሪ አተር በፕሮቲን ከጥራጥሬ ሁሉ የላቀ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በደንብ ካልታመሰ ወይም ካልተቀቀለ ግን ጥሬ ሣር ሣር ይላል፣ ለሆድም አይመችም፤ የእነርሱ ገና አልበሰለም። ደግሞም አስፈላጊነቱ አልታየኝም። ደረቅ ምስር ከ100 ግራሙ 25 ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ባቄላም ከዚያ አያንስም፤ ጥራጥሬው የሚያንሰውን እንጀራው፣ እንጀራው የሚያንሰውን ጥራጥሬው ይሞላል። ጎደሬና ድንች ከገበያ እንጨምራለን፤ ጎደሬ በደንብ ካልተቀቀለ ጉሮሮ እንደሚያሳክክ ለጅማ ሰው መንገር አያሻም።

ከምግቡ ይልቅ የከበደን የቡናው ጉዳይ ነበር። ከጥራጥሬና ከጎመን የሚገኘው ብረት ከሥጋው ይልቅ ለሰውነት ለመዋሐድ ያስቸግራል፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ደግሞ የባሰ ያግዱታል፤ ሎሚ፣ ቃሪያና ቲማቲም ያግዙታል። ስለዚህ ልጃችን የደም ማነስ እንዳያገኛት ቡናው ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንዲዘገይ ወሰንን። ጅማ ተቀምጦ፣ ምሳ ተነሥቶ፣ ቡና ይቆይ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ እንግዳ ባለበት ቀን አይሞከርም፣ አልሞከርነውምም።

ወጪውን በተመለከተ የብር ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ያረጃልና። የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ብዙ ኪሎ ጥራጥሬ ይገዛል፤ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን አስቤዛችን ሰዎች እንደሚገምቱት አልቀነሰም። ያለ ቅቤ የሚሠራ ወጥ ሽንኩርትና ዘይት ይበላል፤ የዘይት ወጪያችን በግልጽ ጨምሯል፤ አትክልትም በየሳምንቱ መገዛት አለበት። ባልትና ቤቱም ርካሽ አይደለም፤ ምጥን ሽሮው ከገበያው ሽሮ ዋጋ ከፍ ይላል፣ ታሽጎ ሱቅ ከሚሸጠው ጋር ግን ይቀራረባል። ለእኔ ልዩነቱ የሚያስከፍለውን ያህል ዋጋ አለው። ሥጋ በየሳምንቱ የሚገዛና ሽሮን ለረቡዕና ለዓርብ ብቻ የሚፈልግ ቤት ግን ያን ያህል መክፈል ላያስፈልገው ይችላል።

በመጨረሻ የማነሣው ጉድለት አስተሻሸጉ ነው። ሽሮም በርበሬም በስስ ፌስታል ይቋጠራል፤ የተፈጨበት ቀን አይጻፍበትም። በክረምት እንዲህ የተቀመጠ ሽሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጓጉላል፣ የሻጋታ ሽታም ይጀምረዋል፤ ጥሬው ጥራጥሬም ቶሎ ይነቅዛል። ይህን ያህል የሚጠነቀቁ ሴት በወረቀት ላይ ቀን መጻፍ እንዴት እንደሚያቅታቸው አይገባኝም፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሌሎችም ነግረዋቸዋል። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ይሂድ፤ ሚዛኑ ላይ ባዶውን አስመዝነው ይቀንሱለታል። በክረምት ከሁለት ሳምንት በላይ የሚበቃ አይግዛ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ወፍጮው ሳይጨናነቅ መድረስ ይሻላል። ለበዓል ወይም ለድግስ ብዙ ሽሮ የሚያስመጥን ሰው ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ይንገራቸው፤ ማመሱን ለሌላ ሰው ስለማይተዉ በአንድ ቀን የሚያወጡት የተወሰነ ነው፤ ቀብድ አይጠይቁም፣ ቃላቸውንም አያጥፉም።